አገር ውስጥ ያለችው አመልካች

ልብስ ሰፊ ውሸታም ነው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ልክ ነው። እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለዚህ ይሄን ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። ግን ክፉ ውሸት አንዋሽም። የኛ ውሸት የሥራ ዕቃ ነው፣ እንደ መቀስ፣ እንደ ካውያ። ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ቀሚሱ ገና ጨርቅ ከሆነ፣ "ደርሷል እኮ፣ ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው" ትባላለች። ቀሚሱ ቁልፍ የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ "ካውያ ብቻ ነው የቀረው" ትባላለች። ደንበኛዋ እንደምንዋሽ ታውቃለች፣ እኛም እንደምታውቅ እናውቃለን፣ ተሳስቀን እንለያያለን። ጨርቁ እዚያው ነው።

በኛ ሱቅ ለዚህ ሙያ የተፈጠሩት እትዬ ናቸው። የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁንም፣ ደንበኛውንም፣ ውሸቱንም ብቻቸውን ነው የያዙት። መስኮቱ ሥር ያለው የስፌት መኪና የሳቸው፣ መሃል ያለው የልጃቸው፣ በሩ አጠገብ ነፋስ የሚመታው የኔ ነው። እኔ የምሰፋው ሱሪ ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ ትምህርቱ ግን እኔ ስላቆምኩ አልቆመም፣ ቀጥሏል አሉ።

የሱቁ ስልክ እትዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው። ሲያነሱት ድምፃቸው ይለወጣል። ትኩሳት የያዘው ድምፅ አላቸው፣ ሐዘን የደረሰበት ድምፅ አላቸው። "እሳቸው የሉም፣ አክስታቸው ሞተው ለቅሶ ሄደዋል" ይላሉ ስለ ራሳቸው። አንዲት ደንበኛ በአንድ ክረምት ብዙ አክስት አስቀብራቸው ሲመራት ጊዜ "ለመሆኑ አያትዎ ስንት ሴት ነው የወለዱት?" አለቻቸው። እትዬ "እኛም ቆጥረን አልጨረስንም" አሉ።

ልጃቸውን "እሜቴ ለምን" ነው የምንላት። ሕፃን ሆና "ለምን?" የማትለው ነገር አልነበረማ። ክር ለምን ይበጠሳል፣ ሱሪ ለምን ሁለት እግር ኖረው፣ ጋሼ ለምን ፂም የለውም። ጋሼ እኔ ነኝ። አባቷ ሲሞቱ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ነበር፤ የሳቸው መኪና ላይ ለጥቂት ጊዜ ብላ ተቀመጠች፣ ሳትነሳ ዓመታት ሄዱ። ቀጥ አድርጋ ትሰፋለች። የሷ ስፌት በማስመሪያ የተሠመረ ነው የሚመስለው።

የሕጉ ነገር የጀመረው እኔ በሰፋሁት ሱሪ ነው። አንድ ሥጋ ሻጭ ለሠርጉ አሰፋ፣ ካገባ በኋላ ሱሪው ጠቦኛል ብሎ ከሰሰን። እትዬ ታመዋል ተብሎ ሊቀሩ ነበር፤ ልጅቷ ግን "እኔ እሄዳለሁ" ብላ ተነሳች። እኔም ሰፊው ነኝና ተከተልኳት። ዳኛዋ ፊት ቆማ ሰውዬውን ትጠይቀው ጀመር።

"ሱሪውን መጀመሪያ የለበሱት መቼ ነው?"

"የሠርጌ ቀን።"

"ያን ቀን ጠቦዎት ነበር?"

"አልጠበበኝም። ጨፍሬበታለሁ።"

"ከዚያ ወዲህ ምግብ የሚሠራልዎ ማን ነው?"

"ባለቤቴ ናታ።"

"ታዲያ ባለቤትዎን ለምን አልከሰሱም?"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ራሷ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ክሱ ተዘግቶ ስንወጣ ጠራቻትና "የት ነው የምትማሪው?" አለቻት። "ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች። "ያሳዝናል" አለች ዳኛዋ። አንዳንድ ሰው በስድብ ይነሳሳል፣ አንዳንድ ሰው በሙገሳ፤ የኛዋን ያስነሳት ይሄ "ያሳዝናል" የሚል ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ጭኗ ላይ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ መርፌ ሆነ። የመግቢያ ፈተናውን እንደገና ተፈተነች። አለፈች። ሦስት ዩኒቨርስቲ ለሕግ አመለከተች። ሁለቱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ሩቅ ነው፤ ጠዋት አውቶብስ ተሳፍረው ረፋዱን የሚወርዱበት፣ እዚያው እያደሩ የሚማሩበት። እሷ አብልጣ የምትፈልገው ይሄን ሩቁን ነበር። ሕጉ እዚያ ይበረታል አሉ።

ማመልከቻው ሁለት ስልክ ይጠይቃል። አንዱን የራሷን፣ ሁለተኛውን የሱቁን ሰጠች። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሳሳተው፤ ቁጥሩን አስታወሰች፣ አንሺዋን ረሳች።

እትዬ ሂጂም አላሉ፣ አትሂጂም አላሉ። እሷ ክር ልትገዛ ስትወጣ ለኔ "ሁሉም ያመለክታል፤ የሚቀበል ግን የት አለ?" አሉኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ከድምፃቸው አልለየሁትም። ለደንበኛ ከሚያወጡት ድምፅ ውስጥ አልነበረማ፤ አላውቀውም።

ከዚያ መልስ መጠበቁ መጣ። ስትጠብቅ አይታችኋት ቢሆን፣ ምጥ የያዛት ትመስላችሁ ነበር። ከመኪናዋ ትነሳለች፣ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ መንገዱን ታያለች፣ መንገዱ ምን ሊላት ነው፣ ትመለሳለች። ስልኳን ኪሷ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ጨርቅ ይወድቅበታል፣ ጠፋብኝ ብላ ቤቱን ታምሳለች። አንድ ቀን ጨርቁን ከነስልኩ በካውያ ልትተኩሰው ለጥቂት ነው የተረፈ።

"ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ መንገዱን ጨረስሽው እኮ" ይላሉ እትዬ።

"እማዬ፣ ከመኪናው እስከ በሩ ነው የሄድኩት።"

"እሱን ነዋ የምልሽ፣ ሲሚንቶው ሊበሳ ነው።"

ለአንዲት መምህርት ኮት ሁለት የቀኝ እጅጌ ገጠመች። በሕይወቷ እንዲህ ሠርታ አታውቅም። መምህርቷ ለብሳ መስተዋቱ ፊት ቆመችና "ግራ እጄ ወደ ኋላ ሊሄድብኝ ነው እኮ" አለች። እትዬ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ "አሁን የሚለበሰው እንዲህ ነው፤ ካልለመዱት ግን እናስተካክልልዎታለን" አሉ። መምህርቷ ልትለምደው ትንሽ ሞከረች ብላችሁ ታምናላችሁ?

እኔም እንደ ወጉ ላጽናናት አልኩ። "አይዞሽ፣ ካልደወሉ ረስተውሽ ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄ ማጽናኛ ነው?"

"እኔ እስካቆምኩበት ክፍል ድረስ ማጽናኛ አልደረስንም ነበር።"

መጀመሪያ ከከተማችን ዩኒቨርስቲ ባንዱ አልተቀበልንሽም የሚል አጭር መልእክት ስልኳ ላይ መጣ። አነበበችው፣ አጠፋችው፣ ሁለት ጉርድ አከታትላ ሰፋች። ሁለተኛው ዝም አለ። ሩቁም ዝም አለ። ዝምታው ሲያንገበግባት ጊዜ አንድ ጠዋት "ሁለተኛውን ሄጄ እጠይቃለሁ" ብላ ወጣች። እዚያ በር ላይ ጥበቃዎቹ ስልክ ተቀብለው ነው ሰው የሚያስገቡት።

እሷ በወጣችበት ያን ጠዋት እኔና እትዬ ብቻ ነን። አንዲት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አረንጓዴ ቀሚስ አዝዛን ነበር፤ ጨርቁ ከተቀመጠበት አልተነሳም፣ እሷ ግን ስልኩን ከተቀመጠበት ታስነሳዋለች። ደጋግማ ደውላለች። እትዬ "የያዘችው ልጄ ናት፣ እሷ የለችም" እያሉ ወደ ልጃቸው ማላከክ ጀምረዋል። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሱት። እኔ የምሰማው የሳቸውን ወገን ብቻ ነው።

"ሃሎ... አዎ፣ ልክ ነው፣ እዚህ ናት... አይ፣ አሁንማ የለችም። ምን ላድርግ የኔ እመቤት፣ ከአገር ወጥታለች... ድንገት ነው፤ ቪዛዋ ደረሰና... ኧረ አትመለስም፣ ኑሮዋን እዚያው ልታደርግ ነው።"

ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ ረጅም ነገር ተናገረች። እትዬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እህ" አሉ። "እህ" አሉ ደግመው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አዎ፤ አትመለስም" አሉና ዘጉት።

"የአረንጓዴዋ ናት?" አልኳቸው።

"የአረንጓዴዋ ናት።"

መርፌ አነሱ። እትዬ ሌላ ሰው እያዩ ክር የሚያስገቡ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ክሩን ቢልሱት፣ ቢያሾሉት፣ እምቢ አለ። "ላስገባልዎ?" ብላቸው "አንተ ሱሪህን ስፋ" አሉኝ። ከዚያ ብድግ ብለው አረንጓዴውን ጨርቅ አወረዱና መቁረጥ ጀመሩ። የገረመኝ ይሄ ነው። ደንበኛን በዋሹ ማግስት እንኳ ሥራዋን የሚጀምሩ ሴት አይደሉም፣ እንኳን ወዲያው።

ልጅቷ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። "ሕግ ሞልቷል አሉኝ" አለች። የቀረው ሩቁ ብቻ ሆነ። እትዬ ቀና ብለው አላዩዋትም። "ሻይ አለልሽ" አሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። መቀስ የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች፣ በእጇ ይዛው። ስልኳ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ያመለጠ ጥሪ ነበር፣ ያኔ በር ላይ በተቀማ ጊዜ የተደወለ፤ ብትመልስ ብትመልስ ይያዛል። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ሠራ። የስልኳ ጆሮ ተበላሽቶ በማጉያው ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ሱቁ በሙሉ ሰማ። አንድ ጎልማሳ ድምፅ መለሰላት። የሩቁ ዩኒቨርስቲ ጸሐፊ ነው።

ስሟን ነገረችው። ፈለገ፣ ፈለገ። "አዎ" አለ። "ተቀብለንሽ ነበር።"

"ነበር?"

"ትመጪ እንደሆነ ለማረጋገጥ ስንደውል አመልካቿ ከአገር ወጥታለች ተባልን።"

"የቷ አመልካች?"

"አንቺ።"

"እኔ እኮ አገር ውስጥ ነኝ!"

"እኔ ጋ ወጥታለች ነው የሚለው።"

"ወጥቼ ከሆነ ከየት ነው የማወራህ?"

"እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ እህቴ። እዚህ ቪዛዋ ደርሶ ይላል።"

የኔ መኪና ቆመ። የእትዬም ቆመ።

"ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?"

"ቤተሰብ። ቦታሽን ለተጠባባቂ አሳልፈናል። አቤቱታ ካለሽ ነገ ኮሚቴው ይቀመጣል፤ ያን ቃል የሰጠውን ሰው ይዘሽ ነይ።"

ስልኩን ዘጋች። መጀመሪያ የዞረችው ወደኔ ነው። ጠበቃ ሲባል ምስክሩን ነው አሉ መጀመሪያ የሚይዘው።

"ጋሼ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን የሱቁን ስልክ ማን አነሳ?"

"እንዲያው ስልክ... ይነሳል፣ ይዘጋል..."

"ማን?"

"እኔ እግሬ ፔዳል ላይ ነበር።"

"እግርህን አይደለም የጠየቅኩት፣ ጆሮህን ነው።"

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱን ተይው። እኔ ነኝ ያነሳሁት። የአረንጓዴዋ መስላኝ ነው። የኛን ነገር ታውቂው የለ፣ ልማድ ነው።"

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። ልታምናቸው ነበር። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ። ግን ያቺ ሥጋ ሻጩን የጠየቀችው ልጅ ውስጧ አለች፤ አልተቀመጠችም።

"እማዬ፣ ሴትየዋ ከዩኒቨርስቲ ነኝ አላለችሽም?"

"ብላ ይሆናል።"

"ካለች በኋላ ምን አልሻት?"

እትዬ ወደኔ አዩ። እኔ ሱሪዬን አየሁ።

"ጋሼን አትመልከቺው። ምን አልሻት?"

"አትመለስም አልኳት።"

"ለምን?"

ሕፃን ሆና ይቺን ቃል ቀኑን ሙሉ ስትላት ነው የሰማኋት። መልሱን ሳታገኝ አልነሳም ብላ ስትጠይቅ ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።  እትዬ ትልቅ ነገር ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ "የቀሚሴን ዚፕ ከጀርባዬ ማን ይዘጋልኛል?" አሉ።

"ለዚፕ ነው?"

"ለዚፕ ነው።"

"ከፊት አታደርጊውም! ልብስ ሰፊ አይደለሽ!" ብላ ጮኸች። ድምጿ ተሰበረ። ወደ በሩ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ስትዞር ፊቷ ደርቋል። "ነገ ጠዋት ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። ያንን አፍሽንም ይዘሽ።" ለኔም "ጋሼ፣ አንተም" አለችኝ። የኔ ጥፋት ደግሞ ምንድን ነው አላልኩም፤ ሰዓቱ አልነበረም።

ለባለሥልጣን ፊት የሚሆን ኮት ስላልነበረኝ የደንበኛ ኮት ለብሼ ሄድኩ። አንገትጌው ገና አልተሰፋም፣ በስፒል ነው የተያዘው። ዞር ባልኩ ቁጥር ይወጋኛል። ስለዚህ እዚያ የተደረገውን ሁሉ ያየሁት ፊት ለፊት ነው፣ ግራና ቀኙን አልመሰክርም።

አውቶብስ ውስጥ እሷ ከፊት፣ እትዬ ከኋላ፣ እኔ መሃል። ቃል አልተነጋገሩም። እትዬ ቋጥረው የያዙትን ብርቱካን በኔ በኩል ላኩላት፤ በኔ በኩል ተመለሰ። እኔ በላሁት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። መነጽር ያደረገች ሰብሳቢ፣ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወረቀት ላይ አበባ የሚሥል። በሩ ጋ የስልኩ ጸሐፊ ቆሟል። ሰብሳቢዋ እትዬን "ያን ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት?" አለቻቸው።

እትዬ ተነሡ። ትኩሳት የያዘው ድምፅ ወጣ። "ያን ቀን የተከበራችሁ፣ አሞኝ ነበር..."

"እማዬ" አለች ልጅቷ።

"ደኅና ሆኛለሁ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ግን ጆሮዬን..."

"እማዬ።"

"እናት፣ እውነቱን ቢነግሩን አጭር ይሆን ነበር" አለች ሰብሳቢዋ።

"አጭር መሆኑ እኮ ነው ያስቸገረኝ" አሉ እትዬ። እጃቸው የሚይዘው ጨርቅ አጥቶ የነጠላቸውን ጠርዝ ያሻል። እንዲህ ባዶ እጃቸውን ሆነው አይቻቸው አላውቅም። "ትሄድብኛለች ብዬ ነው" አሉ። ይሄ ድምፅ ያ የማላውቀው ነበር። "ማን እንደደወለ አውቄ ነው የዋሸሁት። በቃ።" ተቀመጡ።

ጉንፋን የያዘው ወደ ልጅቷ ዞረ። "አንቺስ? ሕግ ልትማሪ ነው የመጣሽው። ምን ትያለሽ?"

ተነሥታ "ቦታው የሳቸው አልነበረም" አለች። "የሳቸው ያልሆነውን ነው የለቀቁት። ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ቢሸጥ ሽያጩ ይፈርሳል እንጂ ባለቤቱ ዕቃውን አያጣም።"

"ያ የዕቃ ነው" አለ ሰውዬው አፍንጫውን እየጠረገ። "ይሄ የዕቃ ጉዳይ አይደለም።"

ፊቷ ቀላ። ተሳስታ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። ሰብሳቢዋ ግን "ብታውቀው መቼ ልትማር ትመጣ ነበር" አለችው። ከዚያ ለኛ እንዲህ አለች፤ ስህተቱ የኛም ነው፣ ራስሽን ሳናገኝ መዝጋት አልነበረብንም። ግን ቦታው ለተጠባባቂዋ ተነግሮላታል፣ ከሷ አንነጥቅም። መምጣት አለመምጣቷን ዛሬ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ማሳወቅ አለባት። አልመጣም ካለች ያንቺ ነው። ውጪ ጠብቁ።

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እኔና እትዬ ተቀመጥን። ልጅቷ የት ትቀመጥ! ከመስኮቱ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ መስኮቱ። የማታውቃት አንዲት ልጅ የሆነ ቦታ ሆና ስልክ እንዳትደውል ነው የምትጠብቀው። የሰው ደስታ እንዳይመጣ መጠበቅ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ራሷን ትጠላለች፣ ግን ትጠብቃለች።

እትዬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። "የዚያችንም እናት እንደኔ አድርግልኝ" ነው የሚሉት።

"እማዬ!" አለች ልጅቷ። ከትናንት ወዲህ ያነጋገረቻቸው የመጀመሪያ ቃል ከኮሚቴው ውጪ ይሄ ነው። "እንዲህ ተብሎ ይጸለያል?"

"ካልሽ ደግሞ አባቷን ይሁን።"

ሰዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በር በተከፈተ ቁጥር ትደነግጣለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ እግራችን ላይ መጣች፣ ከእግራችን ወደ ግድግዳው ሄደች። በመጨረሻ ጸሐፊው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ብቅ አለ።

"እንኳን ደስ ያለሽ። አትመጣም።"

እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ግን እዚያው ቆማለች።

"ማን ነው አትመጣም ያለው?"

"ደወልን፣ አትመጣም ተባለ።"

"ማን አነሳ?"

"አባቷ።"

"ራሷን አነጋግራችኋል?"

"ልጄ!" አሉ እትዬ፣ ክንዷን ይዘው። "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊ! ተሰጥቶሻል እኮ!"

"ራሷን አነጋግሩልኝ" አለች።

"እህቴ፣ ቢሮ ልንዘጋ ነው። ላንቺ ነው የሚበጀው" አለ ጸሐፊው።

"አውቃለሁ። ደውልላት።"

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ የዚህች ቤተሰብ ጤነኛው እኔ የመሰልኩት ኮቱን አይቶ ነው። ራሴን ልነቀንቅ ስል ስፒሉ ወጋኝና ተውኩት። እያጉረመረመ ተመልሶ ገባ። በሩ ክፍት ነው። ቁጥሩን ሲመታ ይሰማል። እትዬ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ልጅቷ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልቆመች ልጅ አሁን ግን ዝንብ እንኳ የሚያርፍባት ሆነች።

"ሃሎ፣ ልጅዎን ያገናኙኝ... አይ፣ እሷን ራሷን ነው የምፈልገው... ምንም አይደለም፣ እጠብቃለሁ።" ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። እኔ ለማላውቃት ልጅ አዘንኩ፣ ለኛዋም አዘንኩ፣ ሁለት ሐዘን ለአንድ ልብስ ሰፊ ይበዛል። "ሃሎ፣ አንቺ ነሽ? ስለ ሕግ ቦታሽ ነበር... እ... እ... እርግጠኛ ነሽ?... መልካም።"

ወጣ። "ሕክምና ደርሷታል። እሱን ነው የምማረው ብላለች። በራሷ አፍ። አሁን ልዝጋ?"

"ዝጋ" አለች ልጅቷ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እናቷ አጠገብ።  

በመልሱ አውቶብስ እትዬ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ታርቀዋል ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። ልጅቷ በመስኮት ታያለች። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። ደስታም ቢሆን አላስቀመጣትም።

"መቼ ነው የምትጀምሪው?" አሉ እትዬ።

"ክረምቱ ሲወጣ።"

"ቅርብ ነው።"

"ቅርብ ነው። እስከዚያ መኪናው ላይ የምትቀመጥ ሰው እንፈልጋለን።"

"እንዳንቺ ቀጥ አድርጋ የምትሰፋ የለችም።"

"የለችም" አለች ልጅቷ። አልተግደረደረችም። "ግን እንፈልጋለን። የማኮርፍሽ ደግሞ ገና ነው፣ ዛሬ ደክሞኝ ነው።"

"አኩርፊ፤ መብትሽ ነው" አሉ እትዬ።

ጥቂት መንገድ እንደሄድን ልጅቷ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ከመስታወቱና ከጉንጯ መሃል አስገቡ። ከዚያ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር፤ ፊቱን አይደለም፣ እጁን። ከማዶ የተቀመጠች አንዲት ወጣት የተቀደደ የቦርሳዋን ማንገቻ በመርፌ እየጠቀመች ነበር። እትዬ አሠፋፏን አዩ፣ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ፣ እንደገና አዩ። ወደሷ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔ ልጅ" አሉ፣ "ሥራ አለሽ?"